ሁለት ቀጭ

የሱሉልታ ጉም በኅዳር ጠዋት ቀልድ አያውቅም። እጅህን ዘርግተህ የራስህን ጣት ማየት ሲያቅትህ የሰፈሩ ሰው «ዛሬ እንኳን ቀለል ብሏል» ይልሃል። ተድላ የተገኘው እንዲህ ባለ ማክሰኞ ነው፤ ከራሱ የድርቆሽ ግቢ በር ፊት፣ መንገድ ዳር፣ በጀርባው ተንጋሎ። ፊቱ በግራጫ ሻርፕ ተጠቅልሏል፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ያገኘችው ወተት ተሸክማ የምታልፍ ሴትዮ ናት። ሰካራም መስሏት «ተነስ አንተ፣ ብርዱ ይገድልሃል» አለችው። ከዛ ደረቱን አየች። ወተቱ እዛው ፈሰሰ።

ኢንስፔክተር ራዲያ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ከጉሙ ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር። ራዲያ አጭር ናት፤ የፖሊስ ጃኬቷ ለሁለት ሰው ይበቃል። ከሰበታ ተቀይራ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሰበታ እያለች ሌባው ሁሉ የሚፈራት ስለምትጮህ አልነበረም፤ ስለማትጮህ ነው። ትጠይቅህና ዝም ትላለች። ዝምታዋን መቻል ሲያቅትህ ያልተጠየቅከውን ትዘከዝካለህ። አብሯት ያለው ሳጅን የህያ ደግሞ ተቃራኒዋ ነው፤ ረጅም፣ ወሬኛ፣ የቡራዩ ልጅ። ሱሉልታ ከተመደበ ጀምሮ ብርዱን ሲሳደብ ነው የሚውለው።

«አንድ ጥይት፣ ደረቱ ላይ» አለ የህያ ተንበርክኮ። «መንገድ ላይ ጠብቀው ለቀቁበት። አጋቾች ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል?»

«ደሙ የት አለ?»

የህያ ከሬሳው ሥር እጁን ሰደደ። ሣሩ ላይ ውርጭ እንጂ ደም የለም።

«ጫማውን እየው።»

ተረከዙ ላይ ድርቆሽ ተጠቅጥቋል። ጫማው ጫፍ ላይ ግን ምንም የለም።

«ብብቱን ይዞ ወደኋላ የጎተተው ሰው አለ» አለ የህያ ቀስ ብሎ። «ቁስለኛ እንዲህ ነው የሚወጣው። ወታደር ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩህ እሱን ነው።»

«ያልከውን እንዳትረሳው» አለች ራዲያ።

የግቢውን በር ከፍተው ገቡ። ሁለት የተረከዝ መስመር ውርጩን እየሰነጠቀ ወደ ጀርባ ይሄዳል፤ የሚያልቀው መጋዘኑ ጎን፣ የድርቆሽ ክምሩ ሥር ነው። እዛ ላይ አዲስ ድርቆሽ ተበትኗል። ራዲያ በእግሯ ገፋ ስታደርገው ሥሩ ቀይ ነው። አጠገቡ ድርቆሽ የሚገለብጡበት መንሽ ወድቋል።

የህያ የጥይቶቹን ምልክት በጣቱ ተከተለ። የመጀመሪያዋ ከብት መጠጫ ገንዳው አጠገብ መሬት በልታለች። የምትቀጥለዋ የታችኛው እስር ድርቆሽ ውስጥ ገብታለች። ከዛ የሰው ደረት በሚሆን ከፍታ ላይ ባዶ። ከባዶው በላይ ደግሞ የላይኛው እስር፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ፣ የጣሪያው ጫፍ። ልክ እንደ መሰላል።

«እሩምታ ነው» አለ። «ክላሽ። ያልለመደ ሰው አውቶማቲክ ላይ አድርጎ ሲለቀው አፈሙዙ ወደ ላይ ይሸሻል። ሰውየው መሃል ላይ ነው የገባው።»

«ነጠላ ቢሆን ኖሮስ?»

የህያ ገንዳውን አየ። «ነጠላ ቢሆንማ መሬት ነዋ የምትመታው። ሰውየው ይደነግጣል፣ ምናልባት ሱሪው ላይ ይሸናል። ከዛ ቤቱ ገብቶ ቁርሱን ይበላል።»

ቀልድ ብሎ ነበር የጀመረው። ሲጨርሰው ግን አላሳቀውም።

ከክምሩ ፊት ለፊት፣ ከትንሽ የጎመን መደብ ማዶ፣ የተድላ ቤት የኋላ በር አለ። ራዲያ ሄዳ ፊቷን ወደ ክምሩ አዙራ በሩ ጋ ቆመች። በስተቀኟ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ በሚስማር ተሰቅሏል። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታክል ቦታ ቀልጣለች። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ገና አልለቀቀም። ምንም ሳትል ወደ መንገዱ ተመለሰች።

ጠመንጃውን ለማግኘት ምሳ ሰዓት እንኳን አልደረሰም። የተድላ ጎረቤት ኦቦ ገመቺስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የድሮ ወታደር ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከአንዲት ላም ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ፖሊሶቹ በራቸው ላይ ሲቆሙ ማለባቸውን አቋርጠው ተነሱ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉና «አልጋዬ ሥር ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዛ «ላሟን የሚያልብልኝ ፈልጉ፣ ጡቷ እንዳይታመም» ብለው እጃቸውን ለካቴና ዘረጉ።

ክላሹ በሰሌን ተጠቅልሎ ነበር።

የጣቢያው ኮማንደር እፎይ አሉ። ገዳይ አለ፣ መሣሪያ አለ፣ የእምነት ቃል አለ። «ሐሙስ ማታ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። አለቀ» አሉ።

«ምክንያታቸው ምንድነው?» አለች ራዲያ።

«ተናደዱ። ሽማግሌ አይናደድም?»

«ተናዶ የገደለ ሰው ስለ ላም ጡት አይጨነቅም ጌታዬ። እስከ ሐሙስ ማታ ስጡኝ።»

ሰጧት። በዛ ዕድሜ የሚገባበት እስር ቤት ተመልሶ የሚወጣበት እንዳልሆነ ኮማንደሩም ያውቃሉ። ኦቦ ገመቺስም ያውቃሉ፤ አውቀው ነው እጃቸውን የዘረጉት።

ረቡዕ፣ ከቀብር መልስ፣ ራዲያ መጀመሪያ ወደ ኡዘይር ሱቅ ገባች። ሱቁ ከድርቆሽ ግቢው ማዶ ነው። ኡዘይር ሲያያት ሚዛኑን መጥረግ ጀመረ። ሚዛኑ ንጹሕ ነበር።

«ክላሹ የማን ነው ወንድሜ?»

«የኦቦ ገመቺስ ነዋ። አልጋቸው ሥር አይደል የተገኘው?»

ራዲያ ዝም አለች። ኡዘይር ሚዛኑን ደገመው። ከዛ ሰለሰው።

«የሁላችንም ነው» አለ ጨርቁን ጥሎ። «የአራት ቤት። የእኔ፣ የተድላ፣ የኦቦ ገመቺስ፣ የወንዲ። የተድላ ሚስት የሙሉዬ ወንድም ጫንጮ መንገድ ላይ ታግቶ ቀረ አይደል? ሰፈሩ ፈራ። ሮንድ እንውጣ አልን። ዱላ ይዞ ሮንድ መውጣት ለአጋች ምርኩዝ ማቀበል ነው ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ መጣ። አሁን እንደ ማኅበር ዙር አለው። እሁድ እሁድ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል።»

«ማን ነው የሚያዞረው?»

«ሴቶቹ፣ በሰሌን ጠቅልለው። ሰሌን የያዘች ሴት ማን ይፈትሻል? ባለፈው እሁድ እንኳን የእኔዋ ጀዋሂር ናት ያደረሰችው።»

«ማን ቤት?»

ኡዘይር ምላሱን ነከሰ፤ ግን አምልጦታል። «ተድላ ቤት። ሳምንቱ የተድላ ነበር።»

«ታዲያ ኦቦ ገመቺስ አልጋ ሥር ምን ይሠራል?»

«እሱን እኔም አልገባኝ፣ ወላሂ።»

«ለምን ክላሽ? ሽጉጥ አይበቃችሁም ነበር?»

«ሽጉጥ ድምፁ ምንድነው? ርችት ነው። እኔ ሰው መግደል አልፈልግም እህቴ። ሱቄን ሁለት ጊዜ ሰብረውታል። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ፣ አንድ ሰው አልወጣም። እሩምታ ግን ሰፈሩን በሙሉ ያስነሳል። እኔ የገዛሁት ድምፁን ነው።»

«ማክሰኞ ጠዋት ድምፁን ስንቴ ሰማህ?»

«አንዴ። ድርርር አለ፣ ቆመ። ሁሉም ሰው የሰማው አንዴ ነው።»

«ወጣህ?»

ኡዘይር የጣለውን ጨርቅ ጎንበስ ብሎ አነሳ። ብርድ ልብሱን ነበር ራሱ ላይ የጎተተው። የገዛው ድምፅ ሲመጣ እሱም እንደ ጎረቤቶቹ ሆነ።

ራዲያ ልትወጣ ስትል ከመሳቢያው የተጣመመች ጥይት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ይቺን ግን እወቂያት። ወንዲ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ለቀቀው፤ ይቺ ጣሪያዬን በስታ ስኳር ጆንያ ውስጥ ገባች። ተድላ አበደ። ሰኞ ማታ እዚሁ ሱቅ ‹ለፖሊስ አስረክበዋለሁ› አለ። ወንዲ ደግሞ ‹በሬሳዬ ላይ ነው› አለው።»

«ስኳሩን ምን አደረግከው?»

«…አበጥሬ ሸጥኩት።»

ወንዲ የቆመ አይሱዙው ውስጥ ነበር፤ ጎማ ቢተነፍስ ከጉራው ተነፍቶ የሚተርፈው ዓይነት ጎረምሳ ነው። የሰፈሩን ድርቆሽ የሚጭነው እሱ ነው። ራዲያ ገቢና ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በሬሳዬ ላይ ብለሃል አሉ።»

«በሬሳዬ ነው ያልኩት ኢንስፔክተር! በሬሳው አላልኩም!»

«ለምን ፈለግከው ክላሹን?»

«አጋቹ ምን ይዞ ነው የሚያስቆምህ? ክላሽ። እኔ ምን ላውጣለት፣ ክሪክ? መንገድ ላይ እኮ ሰው መሆንህ የሚታወቀው በያዝከው ነው። ባዶ እጅህን ከሆንክ ዕቃ ነህ። ይጭኑሃል።»

«ይሄስ?» ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። ስክሪኑ ላይ ወንዲ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ክላሹን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ ቆሟል።

ወንዲ ስልኩን ገለበጠው። «እሱ… ሰው ያይሃላ በቃ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አላየኝም፤ እሱን ስይዝ አዩኝ።»

«መተኮስ የት ተማርክ?»

«ኦቦ ገመቺስ ጋ ነዋ! እሳቸው ያላስተማሩት ወንድ የለም።» ድምፃቸውን እየኮረጀ ጣቱን ቀሰረ። «‹ሁለት ቀጭ! ላይ ሲሆን ተቆልፏል። ስታወርደው አንድ ቀጭ ካለ አውቶማቲክ ነው፣ እሱ የፈሪ ነው። ሁለት ቀጭ እስኪል አውርድ፣ ነጠላ ላይ ይቀመጣል።› ጥይት ጎርሶ ስለሚቀመጥ መቀባበል እንኳን የለም። ሁለት ቀጭ፣ መሳብ። ተድላማ በእንቅልፉ ራሱ ሁለት ቀጭ ነው የሚለው።»

«ሴቶቹንስ አስተማሯቸው?»

«ሴቶቹ ምን ያደርግላቸዋል? ሮንድ አይወጡ!»

ራዲያ በመስኮቱ ወደ ድርቆሹ ክምር አየች። «ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

ጉራው ከላዩ ላይ እንደ ኮት ወለቀ። «ጫንጮ ልንሄድ ነበር፣ ለጭነት። ተኮራርፌ ስልኬን አጠፋሁና ተኛሁ። ከቤቱ የወጣው እኔን ብሎ ነው። ሳጣው ጊዜ በመንገዱ በኩል ተመልሶ ድርቆሹን ብቻውን ሲገለብጥ ነበር መሰለኝ። ሻርፑ የኔ ነው። አቧራው ሳንባ ስለሚበላ ሁላችንም ፊታችንን ጠቅልለን ነው የምንሠራው።» መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። «ብሄድ ኖሮ እኮ ጫንጮ ነበር።»

ሙሉዬ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ራዲያ በቀኝ በኩሏ ተቀመጠችና ጎንበስ አለች።

«እግዜር ያጽናዎት እትዬ ሙሉዬ። ጋሽ ተድላ መቼ ነበር የወጡት?»

«እ?»

ራዲያ ደገመችላት። ሙሉዬ ሙሉ ፊቷን አዙራ ከንፈሯን አየች። «ጎህ ሳይቀድ። ‹ከወንዲ ጋር ጫንጮ ነኝ› አለኝ። እኔ እኮ ጫንጮ ነው ብዬ ነው ልጄ። እዚህ መሆኑን በምን ልወቅ?»

«ጠመንጃው እዚህ ነበር?»

«ኦቦ ገመቺስ ወሰዱት።»

«መቼ?»

«እ?»

ራዲያ ይሄኛውን አልደገመችውም። «እርስዎስ ለምን ፈለጉት?»

«ወንድሜን ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ናቸው ከመኪና አውርደው የወሰዱት። ለቅሶ እንኳን አልተቀመጥኩለትም፤ ሞተ የሚለኝ የለማ። ከዛ ወዲህ ፊቱን የሸፈነ ሰው ሳይ ሮጬ በሬን ነው የምዘጋው። ክላሹ እኔ ቤት የሚያድርበት ሳምንት ብቻ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

«ተኩስ ሰሙ ማክሰኞ?»

ሙሉዬ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች። «አንዴ ሰማሁ። ከዛ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ እስካሁን ይጮህብኛል። እሱን የገደሉበትን ግን አልሰማሁትም። አጠገቤ ሲገድሉት አልሰማሁትም!» ስትንሰቀሰቅ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ቀኝ ትከሻዋ ሥር ቡጢ የሚያክል ቦታ ጠቁሯል። ራዲያ ነጠላውን አንስታ መልሳ ሸፈነችላት፣ ጫፉንም አስተካከለችው። ከዛ ወጣች።

ማታ ጣቢያው ውስጥ ክላሹን ጥይቱን አስወጥታ ለኦቦ ገመቺስ ሰጠቻቸው። የህያ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እንዴት እንደተኮሱ ያሳዩኝ ኦቦ።»

ሽማግሌው ተቀበሉት። አላዩትም። አውራ ጣታቸው ራሷ መንገዱን አገኘች። ቀጭ፣ ቀጭ። እስከ ታች።

«ነጠላ ነው» አለች ራዲያ። «ተድላን የገደለው ግን እሩምታ ነው።»

«ተናድጄ ነበር።»

«እርስዎ ቢናደዱም እጅዎ አይናደድም። ለመሆኑ ሲቪል ሰው አውቶማቲክ ምን ያደርግለታል?»

«ምንም። ጦር ሜዳ ራሱ የሰው አንገት ለማስደፋት ነው እንጂ ለሌላ አይሆንም። የፈራ ሰው ነው የሚፈልገው። ሰፈሩ ደግሞ ፈርቷል። መግዛታቸው ካልቀረ በደንብ ይያዙት ብዬ አስተማርኩ።» ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ተኛ ሕፃን አስቀመጡት። «ዲሲ፣ ኢንተላ ኮ። ተዪው ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ጥፋቱም የኔ ነው፣ አልዋሸሁሽም።»

ራዲያ ስትወጣ የህያ ተከተላት። «ታዲያ ነገ ምን ልናደርግ ነው?»

«አላውቅም» አለች። ራዲያ አላውቅም ስትል የህያ የዛን ዕለት ነው የሰማው።

ሐሙስ፣ ሠልስቱ ቀን፣ ውጪ የእድሩ ድንኳን ሙሉ ነው። ራዲያ ሰዎቿን ወደ ተድላ ቤት የኋላ ክፍል አስገባች። ኡዘይር ግድግዳ ተደገፈ፣ ወንዲ መሬት ተቀመጠ፣ ሙሉዬ ፍራሽ ላይ። ኦቦ ገመቺስ ካቴና እንዳደረጉ የኋላ በሩ ጋ ቆሙ። ከበሩ ማዶ ጎመኑ ይታያል፣ ከጎመኑ ማዶ ክምሩ።

«ጋሽ ተድላ መንገድ ላይ አልሞቱም» ብላ ጀመረች በለመደችው ዝግ ያለ ድምፅ። «እዛ ክምር ጋ ነው የሞቱት። ብብታቸውን ይዞ ወደ መንገድ ያወጣቸው የወታደር ቤት ሰው ነው።»

«እኔ» አሉ ኦቦ ገመቺስ።

«አዎ፣ እርስዎ። ግን ጎተቱ እንጂ አልተኮሱም። የተተኮሰው እሩምታ ነው፤ ጥይቱ እንደ መሰላል ወደ ላይ ወጥቷል።» መሰላሉን ስትዘረዝር ከታችኛው እስር ድርቆሽ ነው የጀመረችው። ገንዳው አጠገብ ያለችውን አልጠራችም። የህያ ቀና ብሎ አያት። «ከእናንተ መሃል እሩምታ የሚተኩስ ወንድ የለም። ወንዲም ብትሆን ጣትህ የለመደው ሁለት ቀጭ ነው። ስለዚህ የተኮሰው ሰው ጠመንጃው አጠገቡ ያለ፣ ግን ማንም ያላስተማረው ሰው ነው።»

ወንዲ አፉን ከፈተ። ኡዘይር እጁን ትከሻው ላይ ጫነበት።

«ሳምንቱ የማን እንደነበር ኡዘይር ነግሮኛል። ክላሽ ቀለሃውን በቀኝ ነው የሚተፋው፣ ትኩሱን። ኦቦ ገመቺስ ቀለሃውን ሁሉ ለቅመዋል፤ አንዷ ግን ስታልፍ የነካችውን ዕቃ…»

«ጮክ በይ ልጄ» አለች ሙሉዬ ከፍራሹ ላይ። «ምን እንደምትዪ አይሰማኝም። ማነው የገደለው? ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»



«ዲሲ!» አሉ ኦቦ ገመቺስ። ካቴናቸው ተንኳኳ። «ለእሷ አትንገሪያት። ስለ ፈጣሪ። ሌባው አምልጧል ብያታለሁ። እኔን ውሰጂኝና እሷ ትኑርበት!»

ራዲያ ሽማግሌውን አየች። ዝም ብትል ይሄ ሰው እስር ቤት ይሞታል። ሰበታ ላይም ሱሉልታ ላይም ጮሃ አታውቅም። ሄዳ ሙሉዬ ፊት ተንበረከከች፣ ሁለት እጇን ያዘችና ጮኸች።

«ሰፈሩ በሙሉ የሰማው አንድ እሩምታ ነው እትዬ ሙሉዬ! አንድ ብቻ! ሌላ ተኩስ አልነበረም!»

ድምፁ ድንኳኑ ድረስ ሄደ። 

ሙሉዬ አልጮኸችም። የራዲያን ፊት አየች፣ ከዛ ኦቦ ገመቺስን፣ ከዛ በበሩ አሻግራ ክምሩን። ሦስት ቀን ሙሉ ያልደመረችው ነገር ሲደመር ፊቷ ላይ ይታያል።

«ፊቱን ሸፍኖ ነበር» አለች። «ጉም ነበር። መንሹ ጠመንጃ መሰለኝ። ተድላ ጫንጮ ነው ብዬ… እንደ በር ቁልፍ ቀስ አድርጌ ነው ያወረድኩት። ቀጭ አለ። ተከፈተ ብዬ ሳብኩት። ከእጄ እየዘለለ፣ እምቢ አለኝ፣ አልቆም አለኝ።» ወደ ኦቦ ገመቺስ ዞረች። «‹ሮጦ አመለጠ፣ ማንንም አልመታሽም› አሉኝ እኮ!»

«የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አስተማርኩ» አሉ ኦቦ ገመቺስ፤ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገብቷል። «በየዙሩ በሰሌን ታቅፈሽው በደጄ ስታልፊ እያየሁ፣ አንድ ቀን ‹ነይ፣ ላሳይሽ› አላልኩም። ምን ብዬ ልንገርሽ ነበር?»

ወንዲ ፊቱን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ነበር። «ሁለት ቀጭ…» አለ ለራሱ።

ሙሉዬ ከንፈሩን አይታ ያዘችው። «ሁለት ምንድነው?»

ወንዲ አፉን በእጁ ያዘ።

«ሁለት ጊዜ ነው የሚወርደው? ሁለት ጊዜ ባወርደው ኖሮስ?» የራዲያን እጅ ጨበጠች፤ ጥፍሯ እስኪገባ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለት ጊዜ ባወርደው ይተርፍ ነበር?»

የህያ ጫማውን አየ። ገንዳው አጠገብ መሬት ውስጥ የተቀበረችውን ጥይት ራሱ ነው በጣቱ ያሳያት።

«አይተርፍም ነበር» አለች ራዲያ፣ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል። «የመጀመሪያዋ ናት የመታችው። ያው ነበር እትዬ ሙሉዬ።»

ሙሉዬ የራዲያን ፊት አገላብጣ ፈተሸችው። ከዛ እጇን ለቀቀች። «ያው ነበር» አለች። እንደገና «ያው ነበር» አለችና እንደ ታመመ ሰው ጋደም አለች። ኡዘይር ሄዶ ጀዋሂርን ጠራት። ሴቶቹ ገቡ፤ ዙሪያዋን ሲይዟት ነው ልቅሶው የመጣላት።

የህያ በረንዳው ላይ የሽማግሌውን ካቴና ፈታ። ሬሳ በመጎተታቸው የሚጠየቁበት ነገር አለ፤ ለዛሬ ግን ላማቸውን ማለብ ይችላሉ። ሙሉዬን ለመውሰድ ሠልስቱ እስኪበተን ራዲያ ትጠብቃለች። ኦቦ ገመቺስ ካቴናው የበላውን እጃቸውን እያሹ ቀረቧት።

«ገንዳው ጋ ያለችውን አይቻታለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መሬቷን በእግሬ ልደፍናት ፈልጌ ውርጩ አስቸገረኝ።»

ራዲያ ጃኬቷን ዘጋች።

«ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ። አመሰግናለሁ ልጄ» አሏት፤ ወደ ላማቸው ሄዱ።

ራዲያ ወደ ገንዳው ሄደች። ፀሐይዋ ውርጩን አቅልጣዋለች፤ አፈሩ ለስልሷል። ጥይቷን በኪስ ቢላዋ አውጥታ በላስቲክ ጠቀለለቻትና ለየህያ ሰጠችው፤ ማስረጃ ናት፣ ፋይል ውስጥ ትገባለች። ጉድጓዷን ግን በጫማዋ ደፈነችው፣ ረገጥ ረገጥ አድርጋ፣ ከኋላ በሩ ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም እንዳይታየው።